ከሩቅ ለሚገዛ ቢላዋ ገንዘቡ በምን መንገድ ይከፈል?

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚነግድ ሰው ስለ ቢላዋ ግዢ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎም ስለቱን ይጠይቃል፤ ገንዘቡ በምን መንገድ ከእጁ እንደሚወጣ ግን አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህ ልማድ ሻጭና ገዢ በአንድ ገበያ ፊት ለፊት ቆመው፣ ዕቃው በአንዱ እጅ፣ ብሩም በሌላው እጅ ሆኖ ይገበያዩ በነበረበት ዘመን ብዙ ጉዳት አልነበረውም። ዛሬ ግን ሻጩ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ሥዕል ለጥፎ ገዢን የሚጠብቅ፣ መደብሩም በመርካቶ ይሁን በሌላ ስፍራ በእርግጥ የማይታወቅ በመሆኑ፣ የአከፋፈሉ ነገር ከዋጋው ባላነሰ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ሆኗል።

ቢላዋ በሐይቁ ዳርቻ ተራ ሸቀጥ አይደለም። ከጎርጎራ፣ ከደልጊና ከቁንዝላ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው ቆሮሶና አምባዛ ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ ፊሌቶ ካልሆነ ወደ ሩቅ ገበያ ለመላክ አይመችም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ስስ፣ ረዘም ያለና ተለምጦ የሚመለስ ስለት ነው። የአገር ቤት ቀጥቃጭ የሚሠራው ካራ ለአጥንትና ለቁርጥ የሚመሰገን ቢሆንም ጀርባው ስለሚወፍር ለዓሣ ፊሌቶ አይስማማም፤ ስለዚህ የዓሣ ነጋዴውም፣ የሆቴል ዕቃ አቅራቢውም ዓይኑን ወደ ውጭ አገር ሥራ ማቅናቱ ግድ ሆነ። በዚህ ላይ የጊዜው ነገር አለ። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ፍላጎቱ ወደ ሥጋ ቤቱ ቢላዋ ይዞራል። በጾሙ መግቢያ ሊደርስ የታሰበ የዓሣ ቢላዋ ከፋሲካ በኋላ ቢደርስ የነጋዴው ገንዘብ በመጋዘን ውስጥ ታስሮ ይከርማል። ይህን ሻጮቹም አሳምረው ያውቁታል፤ «ወንድሜ፣ ዛሬ ካልላክህ ነገ አልቋል» የሚለው ቃልም በዚሁ ወራት ይበረታል።

ይህን ቃል ሰምቶ ሙሉውን ዋጋ በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ አስቀድሞ ማስገባት ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ይህ ሲባል ቅድሚያ የሚጠይቅ ሻጭ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ዕቃውን ራሳቸው በብድር የሚያነሡ፣ ገዢው ቢቀርባቸው የሚከስሩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ገንዘቡ አንድ ጊዜ በተቀባዩ ሒሳብ ከገባ በኋላ የሚመለሰው በራሱ በተቀባዩ ፈቃድ ወይም በሕግ መንገድ ነው። ለሃያ ቢላዋ ዋጋ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ወርዶ የሚካሰስ ነጋዴ ደግሞ አይገኝም፤ የመንገዱና የአልጋው ወጪ ብቻ ከክሱ ይበልጣልና። አታላዩም የሚተማመነው በዚህ ነው፤ ከአንዱ ብዙ ከመውሰድ ይልቅ ከብዙዎች ጥቂት ጥቂት መውሰድን ይመርጣል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ገንዘብ መላክ እጅግ ቀሏል። ጥቅማቸው የሚካድ አይደለም፤ ቀድሞ ባንክ ቤት ሰልፍ ይዞ ግማሽ ቀን ያጠፋ የነበረው የሱቅ ሠራተኛ ዛሬ ከመደርደሪያው ሳይነሣ ይከፍላል። ሆኖም የመንገዱ ፍጥነት የዕቃውን ደኅንነት አያረጋግጥም። ገንዘብ በፈጠነ ቁጥር የማሰቢያውም ጊዜ ያጥራል፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል። በእነዚህም መንገዶች ውስጥ ቢሆን ልዩነት አለ፤ ገንዘብን ከሰው ወደ ሰው መላክ አንድ ነገር ነው፤ በንግድ ስም ለተመዘገበ መደብር መክፈል ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ቢያንስ የከፋዩን ደረሰኝ ከንግዱ ስም ጋር ያያይዛል። ሻጩ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እያለው «በእኅቴ ስም ላክልኝ» ቢል፣ ምክንያቱን ሳይጠይቁ መላክ አይገባም። ሻጭ ሊጠይቀው የማይገባው፣ ገዢም ለማንም የማይሰጠው የምስጢር ቁጥር እንዳለም ማስታወስ ይበቃል።

ከዚህ የተነሣ አብዛኛው ሰው «ዕቃው ሲደርስ እከፍላለሁ» በማለት ይጸናል። ጥሩ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሌላ ስምምነት ከሌለ ዕቃውና ዋጋው ባንድ ጊዜ እንዲለዋወጡ የሚፈቅድ ነው። ዳሩ ግን ስለ ቢላዋ ሲሆን ይህ መንገድ ሰዎች እንደሚያስቡት ፍጹም መከላከያ አይሆንም። ጤፍ ሲደርስ ይዘገናል፤ ጨርቅ ሲደርስ ይዳሰሳል፤ የቢላዋ ነውር ግን በደረሰበት ሰዓት አይታይም። ከፋብሪካ የወጣ ስለት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይቆርጣል። ብረቱ የለሰለሰ ከሆነ ስለቱ የሚታጠፈው፣ እጀታውም የሚላቀቀው፣ የዓሣ ውኃና ጨው የነካው ብረት የሚዝገው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። በዚያን ጊዜ ዕቃ አድራሹም ሄዷል፤ ገንዘቡም ተቆጥሯል።

በዚሁ አጋጣሚ በገበያ ስለ ተለመደ አንድ ስሕተት መናገር ይገባል። ብዙ ሰው ማግኔት ይዞ ቢላዋ ይፈትናል፤ ማግኔቱ ከሳበው «የሚዝግ ነው፣ የውሸት ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የማይዝግ ብረት ከአንድ ዓይነት በላይ ነው። ለማንኪያና ለሣህን የሚሆነው ዓይነት በአብዛኛው ማግኔት የማይስበው ሲሆን፣ በእሳት ተግሎና በርዶ ሊጠነክር የሚችለው፣ ለስለትም የሚመረጠው ዓይነት ግን ማግኔት ይስበዋል። ስለዚህ ማግኔት ጨርሶ የማይስበው ቢላዋ ቢዝግም ባይዝግም ስለቱን ይዞ የማይቆይ እንዳይሆን የሚያሠጋው እሱ ነው። ከማግኔቱ ይልቅ አንዱን ቢላዋ ከካርቶኑ አውጥቶ ለጥቂት ቀናት ዓሣ ማሠራት፣ ማታም ጨው በነካው እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማሳደር የበለጠ ይናገራል።

የምርት ስምም ቢሆን ከሥዕል አይታመንም። የጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ ስም በቢላዋ ላይ እንዳይሰረቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ይህ ሕግ የተፈለገበት ምክንያት ስሙን የሚመስሉ ብዙዎች ስለ ነበሩ ነው። በ1884 የተቋቋመው የስዊሱ ቪክቶሪኖክስና በ1911 የተመሠረተው የብራዚሉ ትራሞንቲና በሥጋና በዓሣ ሠራተኞች ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ ስማቸው የተጻፈበት ቢላዋ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብ ግን ቅናሹ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው። የቻይና ሥራ በመሆኑ ብቻ መናቅም ደግሞ ፍርድ አይደለም፤ ያንግጂያንግ የምትባለው ከተማ ለዓለም ገበያ ቢላዋ የምታቀርብ ናት፤ ከዚያ የሚወጣውም ጥሩውም መጥፎውም ነው።

እንግዲህ ነውሩ ዘግይቶ የሚታይ ዕቃ ክፍያውም ዘግይቶ የሚያልቅ ቢሆን ይሻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ አቅራቢ 60 የዓሣ ቢላዋ እያንዳንዱን በ900 ብር ቢያዝ ጠቅላላው 54,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 18,000 ብር ማለት ሲሶውን ትእዛዙ ሲጸና ይልካል፤ ሻጩም በዚህ የጭነቱንና የማሸጊያውን ወጪ ይሸፍናል፤ ገዢው ቢጠፋም ጨርሶ ባዶ እጁን አይቀርም። ዕቃው ባሕር ዳር ደርሶ፣ ተከፍቶ፣ ተቆጥሮ ከታየ በኋላ 30,600 ብር ይከፈላል። የቀረው 5,400 ብር፣ አንድ ዐሥረኛው መሆኑ ነው፣ እስከ 30 ቀን በገዢው እጅ መያዣ ሆኖ ይቈያል፤ ከቢላዋዎቹ መካከል የዛገ ወይም እጀታው የተነቀለ ከተገኘ በቁጥሩ ልክ ተቀንሶ ቀሪው ይላካል። ይህን ስምምነት የሚቃወም ሻጭ በዕቃው የማይተማመን ነው ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ቃሉን አጥፎ መያዣውን ያለ ምክንያት የሚያስቀር ገዢ አለ፤ እንዲህ ያለው ነጋዴ ለከተማው ነጋዴዎች ሁሉ ስም ያጠፋል፤ አዲስ አበባ ያለው ሻጭም ሁለተኛ ጊዜ ከባሕር ዳር ለሚመጣ ትእዛዝ ሙሉ ቅድሚያ መጠየቁ አያስደንቅም።

ስምምነቱ በቃል ብቻ አይቅር። በቴሌግራም የተጻጻፉትም ቢሆን ዋጋ አለው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ የዕቃው ዓይነት፣ የስለቱ ርዝመት፣ ብዛቱ፣ ዋጋው በብር፣ የሚደርስበት ቀንና የመመለሻው የመጓጓዣ ወጪ በማን ላይ እንደሚሆን በጽሑፍ ይስፈር፤ መልእክቱም አይደምሰስ። ገዢውም ዕቃውን እንደ ተረከበ ወዲያው እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያዝዛል። ካርቶኑን ሳይፈታ ሁለት ወር አስቀምጦ ኋላ የሚጮኽ ነጋዴ ሰሚ ቢያጣ ሊያማርር አይችልም። አንዳንዱ ደግሞ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ያድነኛል ብሎ ይተማመናል፤ ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግል ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው እንጂ መልሶ ሊሸጥ የሚገዛውን አይደለም። ለቤቷ አንድ ቢላዋ የገዛች እመቤት ያላት ጥበቃ ስድሳ ለገዛው ነጋዴ የለም፤ የእርሱ ጥበቃ ውሉ ነው።

ዋጋው «በብር» ይጻፍ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ቅድሚያ ተቀብለው ዕቃ ያላደረሱ ሻጮች «ዋጋው ተለውጧል፣ ጨምር» ቢሉ፣ ገዢው ገንዘቡ አስቀድሞ ከእጁ ስለ ወጣ የመከራከሪያ ጉልበት አይኖረውም።

ብዛት ያለው ግዢ ሲሆን ደግሞ የቀድሞ ነጋዴዎች መንገድ እስካሁን አላረጀም። ይኸውም በአዲስ አበባ የታመነ ሰው መያዝ ነው። በሻጩ ስም የተዘጋጀ ሲ.ፒ.ኦ. ከባንክ አሠርቶ ለዚያ ሰው በዐደራ ይሰጣል፤ እርሱም መርካቶ ሄዶ ካርቶኑን አስከፍቶ፣ ቆጥሮ፣ ከመኪና ላይ ሲጫን አይቶ ወረቀቱን ያስረክባል። ሻጩ የባንክ ገንዘብ መኖሩን አውቆ ይረጋጋል፤ ገዢም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ ዓይን ይኖረዋል። ለታማኙ ሰው የሚሰጠው የድካም ዋጋ ከሚያድነው ኪሣራ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው።

ማንም ነጋዴ ግን በአንድ መንገድ ብቻ አይታመን። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜና ከዚያም ቀጥለው በነበሩት ወራት፣ በስልክ መተግበሪያ ብቻ ይከፍል የነበረ ሰው እጁ ታስሮ ሰንብቷል፤ ያለ ኢንተርኔት በአጭር ቁጥር፣ ለምሳሌ በ*127#፣ መክፈልን የሚያውቅ ግን ስልኩ እስከ ሠራ ድረስ መንገድ ነበረው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ታውኮ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ያወጡበት፣ ባንኩም አገልግሎቱን ለሰዓታት ያቋረጠበት ጊዜ ነበር። በሁለት ባንክ ሒሳብ ያለው ነጋዴ እንዲህ ባለው ቀን ጭነቱን አያጣም።

በቀጥታ ከውጭ አገር ለሚያስመጡ ነጋዴዎች ነገሩ ሌላ ነው። በሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲሆን ባንኩ ራሱ ለሻጩ ቃል ይገባል፤ በሰነድ ልውውጥ ሲሆን ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ሰነዱን በባንክ በኩል ይልካል፣ ገዢም ከፍሎ ሰነዱን ይረከባል፤ በቅድሚያ ሐዋላ ሲሆን ግን አደጋው ሁሉ በገዢው ትከሻ ላይ ነው። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚከፍል ሰው ሁሉ ነገር የተጠበቀለት ይመስለዋል። ሆኖም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሐምሌ 2007 ጀምሮ በሚሠራበት የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ መሠረት ባንኮች የሚመረምሩት ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለም። ሰነዱ የተስተካከለ ከሆነ ካርቶኑ ውስጥ የዛገ ቢላዋ ቢኖርም ባንኩ ይከፍላል። መድኃኒቱ በሚቀርቡት ሰነዶች መካከል ከጭነት በፊት በገለልተኛ መርማሪ የተሰጠ የምርመራ የምስክር ወረቀት እንዲኖር በማመልከቻው ላይ መጠየቅ ነው። የባንኩ የአገልግሎት ዋጋ ለጥቂት ካርቶን ቢላዋ የሚከብድ መሆኑ ግን እውነት ነው። ስለዚህ የሆቴል ዕቃ፣ የሥጋ ቤትና የዓሣ ነጋዴዎች ተሰባስበው የአስመጪነት ፈቃድ ባለው በአንዱ ስም በአንድ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ቢያዝዙ ወጪው ይከፋፈላል። ምክር ቤቱ እንዲህ ያለውን ኅብረት ቢያስተባብር ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ጥቅም ለአባሎቹ በሰጠ ነበር፤ ዐሥር ነጋዴዎች ለየብቻቸው በቴሌግራም ሲያዝዙ ዐሥር ጊዜ ይታለላሉ፣ ዐሥር ጊዜም የመኪና ይከፍላሉ።

በባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ደግሞ በዘመዱ ካርድ ያስገዛል። ይህ መንገድ ጥቂት ለሆነ ዕቃ መልካም ነው። በአሜሪካ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው የሒሳብ መግለጫው ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲቃወም ይፈቅድለታል፤ ዕቃው ያልደረሰበት ክፍያም ከዚህ ውስጥ ይገባል። በእንግሊዝ አገርም በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ለሆነ ዕቃ ካርዱን የሰጠው ድርጅት ከሻጩ ጋር ተጠያቂ እንዲሆን ያደርጋል። በቀጥታ ከባንክ ሒሳብ የሚቀንሰው ካርድ ግን በእነዚህ ሕጎች ይህን ያህል ጥበቃ የለውም፤ ዘመድን ሲያስገዙ የትኛው ካርድ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። እንግሊዝ አገር ቢላዋን ወደ መኖሪያ ቤት መላክ ዕድሜን ከማረጋገጥ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መዘግየቱን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። ፔይፓልም በሕግ የተገደቡ አንዳንድ የቢላዋ ዓይነቶችን በእርሱ በኩል መሸጥ አይፈቅድም፤ ሻጩ በድንገት «በሌላ መንገድ ክፈሉ» ቢል ምክንያቱ ይህ ወይም ከዚህ የከፋ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ጥበቃ የካርዱ ባለቤት ነው፤ ባሕር ዳር ያለው ነጋዴ በራሱ ስም የሚጠይቀው የለም። ለንግድ የሚበቃ ብዛት በሻንጣ ቢመጣም ጉምሩክ እንደ ግል ዕቃ አያየውም።

ከባሕር ዳር ወደ ገጠር የሚሸጡትም በበኩላቸው ሊጠነቀቁ ይገባል። ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ የመጣ ገዢ የባንክ መልእክት በስልኩ ላይ ሲያሳይ ያንን ብቻ አይቶ ዕቃ ማስረከብ ብዙዎችን አክስሯል፤ እንዲህ ያለ መልእክትና የደረሰኝ ሥዕል በቀላሉ ይቀነባበራልና። የሚታመነው በሻጩ በራሱ ሒሳብ ላይ የገባው ገንዘብ ነው፤ እርሱንም ሳያዩ ጀልባው እንዳይነሣ ማድረግ ነውር የለበትም።

ገንዘቡ በየትኛውም መንገድ ቢከፈል ደረሰኝ መጠየቅ አይዘንጋ። ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ በግብር ሒሳብ ላይ ወጪ ሆኖ አይያዝም፤ በቴሌግራም ተገኘ የተባለው ርካሽነትም እዚያ ላይ ይጠፋል። ለቢላዋ ደግሞ ደረሰኙ ሌላ አገልግሎት አለው። ካርቶኑ በመንገድ ላይ ፍተሻ ሲገጥመው የንግድ ዕቃ መሆኑን የሚያስረዳው ያ ወረቀት ስለሆነ፣ አንዱ ቅጂ ከሾፌሩ ጋር፣ አንዱም በካርቶኑ ውስጥ ይሁን፤ በአውሮፕላን የሚላክ ከሆነም ቢላዋ በእጅ ሻንጣ አይፈቀድምና በጭነት ክፍል እንዲገባ፣ በካርቶኑም ላይ «የወጥ ቤት ቢላዋ» ተብሎ ከብዛቱ ጋር እንዲጻፍበት ለሻጩ ከቅድሚያው ክፍያ ጋር አብሮ ማስታወቅ ነው።